በአንድ ወይፈን ያደገች ቀበሌ

ለክቡር የዓለም አቀፍ የአካባቢ ስምምነቶች ገንዘብ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ሆድዎ። ሁምቦ ወርደው በጎበኙን ዕለት በጥሬ ሥጋ የቀመሱት ዳታ በርበሬ የለመደውንም ስለሚያቃጥል፣ በሰላም መግባትዎን እስክንሰማ ድረስ መላው ቀበሌ ሐሳብ ላይ ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅንነታችንን ደግሞ ከእኛ ይልቅ የእርስዎ ሪፖርት አሳምሮ ይናገራል።

ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ከሶዶ አብሬዎት ወርጄ ከወላይታቶ ወደ አማርኛ ሳስተረጉምልዎት የዋልኩት ጡረተኛው መምህር ኤርሳዶ ጦና ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎትም ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሪፖርቱ አመሰግናለሁ። የቀበሌው ሰው ኮረብታውን ከፍየልና ከከሰል አክሳይ ጠብቆ ደን ሲያለብስ፣ አገራችን ከፈረመችው ስምምነት በሚገኘው ድጋፍ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈርለታል ተብሎ ነበር። እርስዎም የመጡት ችግሩን በዓይንዎ አይተው ለመመስከር ነው። አይተውም «ማኅበረሰቡ በምግብ ራሱን የቻለ፣ የውሃ ችግር ያልተነሣበት» ብለው መሰከሩልን፤ ጉድጓዱም ቀረ። አገራችን በውጭ ስብሰባ ታዳጊ ስለሆነች ድጋፍ ይገባታል ስትል በሬዲዮ እንሰማለን። ታዳጊነቷ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንደሚያበቃ ግን የነገረን አልነበረም። አገር ገና በማደግ ላይ ሳለች እኛ ቀድመን አድገን በመገኘታችን ይቅርታዎን እንለምናለን።

ሁለተኛ፣ የዕድገታችንን ማስረጃ አጣጥመው ስለበሉልን አመሰግናለሁ። ለእርስዎ ክብር የታረደው ወይፈን በቤታቸው የተቀበሉዎት የወይዘሮ አስካለች ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ለእርሻ ይደርስልኛል ብለው ያሳደጉት እሱን ብቻ ነው። ቅቤው ከየቤቱ የተዋጣ፣ የተቀመጡበት ወንበር የቤተ ክርስቲያን፣ የተነጠፈውም ምንጣፍ የጎረቤት ነበር። ከዚያ ግብዣ ውስጥ የወይዘሮዋ የነበረው ወይፈኑ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም እርስዎና ባልደረቦችዎ ይዘውት ሄደዋል። ለጉድጓዱ የታሰበው ገንዘብ ደግሞ ስለ ዕድገታችን ልምድ ለሚለዋወጡ እንግዶች ሶዶ ላይ ምሳ ያለበት ዐውደ ጥናት እንደሚዘጋጅበት ሰምተን ደስ ብሎናል። የበላችው ያገሳታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል ይባል የለ።

ሦስተኛው ግን ቅሬታ ነው፤ እሱም በራሴ ላይ ስለሆነ፣ ክቡርነትዎ እጅዎን ታጥበው ተደላድለው ሊያነቡት ይችላሉ። እየበሉ ሳለ «ለመሆኑ የውሃ ችግር አለባችሁ?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ አስካለች «ተመስገን፣ ምን ጎደለን? ብቻ እናንተ ብሉ» አሉ። በእኛ ዘንድ እንግዳ እየበላ ስለ ችግር ማውራት ጉርሻውን እንደ መቁጠር ነው፤ ከዚህ አልፎ የተናገረ ሰው ለልጅ ልጁ የሚተርፍ መጥፎ ስም ያወጣል። ይህን እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሴትዮዋ ዶሮ ሲጮኽ ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ እንደሚወርዱም አውቃለሁ። ግን ወደ እርስዎ ዞር ብዬ «ችግር የለም ይላሉ» አልኩ። ቃሉን አላዛባሁም፤ ሴትዮዋን ግን ከዳኋቸው። ለምን ቢሉኝ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች ማዕዳችንን ሲያደንቁ ኮርቼ ነበር፤ ኩራቴን በጀሪካን ወሬ ማበላሸት አልፈለግሁም። ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። እሳቸው ግን አንድ ቀን «መምህር፣ እንግዶቹ ጠገቡ ወይ?» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቁኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

አሁን ወጣቶቹ ውሃው ካልመጣ ፍየሎቻችንን ወደ ኮረብታው እንመልሳለን ማለት ጀምረዋል። ምን ብዬ ልከልክላቸው? ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ቀላል ነገር ነው፦ ጥፋቱን በሙሉ በአስተርጓሚው ላይ ጥለው፣ ስሜንም ጠቅሰው፣ ሪፖርቱን ያርሙልን። የራስዎን ስሕተት እንዲያምኑ አልጠይቅም፤ ለእሱ ሌላ ጥናት እንደሚያስፈልግ እረዳለሁ።

ስለ ዕድገታችን ከእኛ ይልቅ እርግጠኛ ለሆኑት ለክቡርነትዎ ዕድሜና የምግብ ፍላጎት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አፉ የተፈታ፣ ምላሱ የታሰረ አስተርጓሚዎ፣
ኤርሳዶ ጦና
ሁምቦ፣ ወላይታ

ማሳሰቢያ፦ የዐውደ ጥናቱን እንግዶች ይዘው ቀበሌያችንን ሊያስጎበኙ እንደሚመጡ ሰምቼ፣ በዚህኛው ዙር ከወንዙ የተቀዳውን ውሃ በብርጭቆ እናቅርብላቸው ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ወይዘሮ አስካለች ግን «እንዲህ ያለ ውሃ ለእንግዳ?» ብለው አፈሩብኝ፤ የቀረቻቸውን ዶሮ ሸጠውም የታሸገ ውሃ ከሶዶ አስመጡ። ስለዚህ ያለ ሥጋት ይምጡ። ብቻ አደራዎን፣ ጠርሙሱን አይተው የመጠጥ ውሃ ተዳርሷል ብለው እንዳይጽፉብን።