እሳት ያልነደደባቸው ወራት

እማዬ፣ አፈሩ ይቅለልሽ። ከተለያየን ይኸው ዓመት ሞላን። የዓመት ሰደቃሽ ትናንት ወጣ፤ ሰው በላ፣ ዱዓ አደረገ፣ አንቺን እያመሰገነ ተበተነ። እኔ ግን አሁንም እንዳኮረፍኩሽ ነኝ። ሟች ይኮረፋል ወይ ትይኝ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ ከአንቺ ሌላ የማኮርፈው ሰው የለኝም።

ቤቱ ያው ነው። በክረምቱ የጓዳው ጣሪያ አፍስሶብኝ ቆርቆሮውን አስቀየርኩ። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሐራ ልጅ አገባች። ድመትሽ ምድጃው ዳር መተኛት ትታ ከአልጋሽ ሥር ነው የምትውለው። ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድም ያንኑ ጭቃውን ይዞ ቁጭ ብሏል።

ደብረ ዘይት ሐይቁ ዳር ለሥልጠና የገባሁ ሰሞን ስልክ ደውዬ የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ? ሰው ሐሳቡን ጥሎ መንፈሱን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው፣ ለእንግዶቹ የሚቀርበውን ጥሬ ምግብ መሥራት እየተማርኩ ነው፣ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እሳት የለ ብዬሽ። አንቺም «ማን ሞቶባቸው ነው?» አልሽኝ። እኔ ሳቅሁ፣ አንቺ ግን የምርሽን ነበር። እኛ አገር እሳት የማይነድበት ቤት ለቅሶ ቤት ብቻ ነዋ፤ እሱም ቢሆን ጎረቤት አብስሎ ያመጣል።

ጠዋት ጠዋት ዓይናችንን ጨፍነን ጸጥ ብለን እንቀመጣለን፤ ከዚያ ምድጃ ወደሌለው ማድቤት እንገባለን። ለውዝ እንነክራለን፣ ምስር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እናበቅላለን፣ የራሰ ተልባ በስሱ ዘርግተን ለብ ባለ አየር እንደ ቂጣ እናደርቃለን። አሰልጣኛችን እሳት የምግብን ሕይወት ይገድላል ትል ነበር። እንግዶቹ ከአዲስ አበባ በየመኪናቸው መጥተው፣ አንድ ሳሕን ቅጠል በልተው፣ «ቀለለኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። መጀመሪያ ገረመኝ፣ ኋላ ግን ሥራውን ወደድኩት። ንጹሕ ነው፣ ጭስ የለውም።

ሳልሽ የጠናው ሥልጠናውን ጨርሼ እዚያው ሥራ እንደያዝኩ ነው። ደሴ ያየሽ ሐኪም፣ ዕድሜ ልክሽን የጠጣሽው ጭስ ሳንባሽን ጨርሶታል፣ ከእንግዲህ ጭስ ከነካሽ አትተርፊም አለ። እኛ ሰፈር መብራት ብቅ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው፤ ሌላ መላ አልነበረንም። ሥራዬን ትቼ መጣሁ። ምድጃውን ጠርጌ እንስራ አስቀመጥኩበት። ለካ ለዚህ ኖሯል ያንን የተማርኩት ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ማዶ ያሉት ሰዎች ከጣሪያችን ጭስ አጡ። የቀብር ማኅበራችን የቅሬው ዳኛ አያ ይማም ሰው ሰበሰቡ፤ ሴቶቹ እንጀራና ንፍሮ ተሸክመው ከደጅ ጀምሮ እያለቀሱ ገቡ። አንቺ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብለሽ በማር የተመታ አብሽ ትጠጫለሽ። አያ ይማም ደንግጠው ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ለማን ነው ደሞ?» ብለሽ ሳቅሽ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም እስከ መግሪብ አልለቀቀሽም። ያመጡትን ግን ቀምሰሽ፣ መርቀሽ ሸኘሻቸው። ከዚያ በኋላ እትዬ ዘሐራ እንጀራውን እኔ ልጋግርላችሁ አሉ፤ እኔም የነበረንን ደረቅ እንጨት በሙሉ ለእሳቸው ሰጠኋቸው።

የበቀለ ምስር በሎሚና በቃሪያ፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ በተልባ የታሸ ጎመን አበላሁሽ። ሳትወጂው በላሽልኝ። ትንፋሽሽ ረጋ አለ፣ ጋደም ብለሽ መተኛት ጀመርሽ። ግን «ይቺ ልጅ ትኩስ ነገር ካፏ ከገባ ስንት ጊዜ ሆነ» እያልሽ ለጠያቂው ሁሉ ታሚኝ ነበር። ምድጃው ላይ ያስቀመጥኩትን እንስራም በክፉ ዓይን ታዪው ነበር። እኔ ከአንቺ የምፈልገው እንድትተነፍሺ ብቻ ነበር፣ እማዬ።

የገበያ ቀን ካሮትና ሎሚ ልገዛ መካነ ሰላም ሄድኩ። ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ፊቱ በርቷል። «አልሐምዱሊላህ፣ እናትሽ ተሻላቸው መሰል፣ ከቤታችሁ ጭስ አየን» ይሉኛል። ዘንቢሉን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። የደስታ ሩጫ መስሏቸው ከኋላዬ መረቁኝ።

ጓዳው በጭስ ታፍኗል። ደረቅ እንጨት ስላጣሽ ከአጥሩ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሰብረሽ ማግደሻል። እንስራውን እንዴት እንዳነሳሽው እስካሁን አይገባኝም። ግድግዳውን ተደግፈሽ ቁጭ ብለሻል፣ ማማሰያው ከእጅሽ አልወጣም። ድስቱ ውስጥ ያለው እኔ ለአንቺ ያበቀልኩት ምስር ነው፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ወጥ ሆኖ። አጠገብሽ ያወጣሽው ሳሕን አንድ ብቻ ነበር፤ የእኔ ሳሕን። ሰሚራ ከገበያ ስትመጣ ትኩስ ነገር ትቅመስ ብለሽ ነው።

ይኸው ለዚህ ነው ያኮረፍኩሽ። ያን ሁሉ ወር ጠብታ በጠብታ ያጠራቀምኩልሽን ትንፋሽ ለእኔ ምሳ አወጣሽው። ማን ለመነሽ? ከቀብር መልስ ሴቶቹ እንደ ወጉ እሳቱን አጠፉ፤ ድስቱን ግን አላስነካሁም። ሰው ቀለል ሲል ጓዳ ገብቼ በላሁት። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ምስሩ አልበሰለም፤ ግማሹ ጥሬ ነበር። እያለቀስኩ፣ እየተናደድኩብሽ፣ አንዲት ፍሬ ሳላስተርፍ ጨረስኩት።

ከሐይቁ ዳር ደውለው ነይ ብለውኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው። በየዓመቱ በሙት ዓመትሽ ቀን ግን ወደ ቤትሽ እመጣለሁ። ደረቅ እንጨት እትዬ ዘሐራ ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ ለጓዳውም፣ ከረፈደ ቢሆንም፣ ጭስ ማውጫ አስከፍቼለታለሁ። እሳት አነዳለሁ፣ ምስር እጥዳለሁ፣ በደንብ እስኪበስልም ከአጠገቡ አልነሳም። ጭሱን ማዶ ያሉት ያዩታል። ሳሕን ግን ሁለት ነው የማወጣው።

ልጅሽ ሰሚራ