ቁጭ ብዬ ኖር ስል

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዛሬም አልተነሳሁም። አዲሱ ኃላፊያችን ጠዋት መዝገብ ቤቱን ሊያዩ ገቡ፤ ባልደረቦቼ በሙሉ ብድግ አሉ፤ እኔ ከወንበሬ ሳልንቀሳቀስ "ኖር" አልኳቸው። "በእግዜር" አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ወንበሬ ላይ ትንሽ ቆየ። ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ኮሪደር ድረስ ተከትላቸው "ልቧን ያማታል" ብላ አስረዳችልኝ። ልቤን አይደለም። ግን ልብ ሲባል ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ በቃ ይሁን።

ሰው ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። የጤነኛ ሰው ሰውነት ማንም ሳያዘው መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የኔ ይህን ሥራውን ትቶታል። ልቤ ብቻዋን ልታካክስ ትሮጣለች፣ ካቃታት እወድቃለሁ። ሐኪሙ ፖትስ ይባላል አለኝ። ከእሱ በፊት ደም ማነስ፣ ከዚያ ጭንቀት፣ ከዚያ ቡዳ፣ ከዚያ ደግሞ "ባል ብታገቢ ይለቅሽ ነበር" ተብያለሁ።

የጠዋት ሥርዓቴ፦
— ሳልነሳ ሁለት ብርጭቆ ውሃ።
— ጥብቁን ካልሲ እዚያው አልጋ ላይ ተጋድሞ እስከ ጭን መሳብ። ትግል ነው።
— አልጋው ጠርዝ ላይ አሥር ደቂቃ።
— ከዚያ መቆም፣ ግድግዳ ይዞ።

የዛሬ የልብ ምት፦ ተኝቼ 74፣ ቆሜ 128። መጥፎ አይደለም።

እሑድ የሜሮን ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሜሮን ታናሼ ናት። የሚልካቸው ዳዊት ጥሩ ልጅ ነው፣ ሲስቅ ድዱ ይታያል። ቤታችን ካሁኑ ተገለባብጧል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ተኝቼ 79፣ ቆሜ 141። በዚህ ቁጥር ቤት መቅረት ነበረብኝ። ሄድኩ።

ማታ ስመለስ ካዛንቺስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነ። ሰልፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ ነው የምጠብቀው፤ ሰው ቢያየኝም ለምጄዋለሁ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ "እህት፣ ሰልፉ ሄዷል እኮ" አለኝ። አፍሬ ቶሎ ብድግ አልኩ። በቃ፣ ጥፋቴ እሱ ነው።

ስነቃ የክብሪት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር። አንዱ ይጭራል፣ ሌላው ደግሞ ይቀጥላል። መዳፌ ላይ የሰው ቁልፍ አስይዘውኛል። አንዲት ሴትዮ "አትንኳት፣ ይተላለፋል" ትላለች። ሁለት ደግ ሰዎች ግን አልሰሟትም፤ በብብቴ ይዘው ሊያቆሙኝ ይታገላሉ። ባቆሙኝ ቁጥር ተመልሼ እጠፋለሁ። "አስተኙኝ" ማለት ነበረብኝ፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

ከከበቡኝ ሰዎች መሀል ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች ነበሩ፣ ዘንቢላቸውን ይዘው። ሰፈራችን ቡልጋሪያ ድረስ ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ። እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ በራችን ላይ ቆመው፣ ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ ለእማዬ "የሚጥል በሽታ እንዳለባት እኮ አላወቅንም ነበር" አሏት።

እማዬ ዘንቢላቸውን ተቀብላ ውሃ ሰጠቻቸው። ጉልበቴ ተልጧል፣ ቀኝ ክርኔም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ከሥራ ቀረሁ። ሙሉ ቀን ጋደም።

ከመድኃኒት ቤት ውሃ ውስጥ የሚበጠበጠውን የጨው ዱቄት ሜሮን ገዝታልኝ መጣች። ሻጯ ሁልጊዜ "ለሕፃን ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ሜሮን ዛሬ "አዎ፣ ለሠላሳ አራት ዓመት ሕፃን" ብላታለች። ሳቅሁ፣ ደረቴን እያመመኝም ቢሆን።

የቤታችን ምግብ ጨው የለውም። እማዬ ግፊት አለባት፣ ጨው ለሷ መርዝ ነው። ለኔ ደግሞ መድኃኒት ነው። ስለዚህ በአንድ ትሪ እንበላለን፤ የኔ ጥግ ላይ እነሰንሳለሁ፣ የሷ ጥግ አልጫ ነው። ወደ መሀል ስንደርስ ሁለታችንም ቀስ እንላለን።

ዛሬ መሀል ላይ ሳንደርስ እጇን ሰበሰበች። እሑድን ወሎ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት እንድውል ጠየቀችኝ። የሽማግሌ ነገር ታውቂያለሽ አለችኝ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም፣ እነሱ ከቆሙ የቤቱ ሰው ሁሉ ይቆማል፣ ጋሼ ታደሰ ደግሞ ቶሎ የሚያስቀምጥ ሰው አይደለም። ጋሼ ታደሰ ታላቅ ወንድሟ ናቸው፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ በእንዲህ ያለ ቀን የቤቱ አፍ እሳቸው ናቸው።

ብቆም እወድቃለሁ፣ ብቀመጥ ባለጌ እባላለሁ። ይህን ለኔ መንገር አያስፈልግም ነበር።

"ብትወድቂ ዘራቸው ላይ አለ ይላሉ" አለች። "የሜሮን ነገር በዚያው ይቀራል።"

እሺ አልኳት። ቶሎ ነው ያልኩት። መጀመሪያ እፎይ አልኩ፤ አንድ ቀን ሙሉ የማንም ዓይን የማያርፍብኝ ቤት። ከቆየሁ በኋላ ነው እፎይ ማለቴ ያናደደኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

76፣ 133። ሥራ ገባሁ። መብራት ስለሌለ ሊፍቱ ቆሟል። ሦስት ፎቅ፣ አምስት ዕረፍት። ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አዲሱ ኃላፊ ሲወጡ አገኙኝ። አሁንም አልተነሳሁም። "አይዞሽ" ብለውኝ አለፉ። ትንሽ ድል ናት፣ ትጻፍ።

ማታ ሜሮንን ጠበቅኩ። ታውቅ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው። ጥፍሯን ቀለም እየቀባች ነበር። ስለ እሑድ እማዬ ነግራሽ ይሆን አልኳት።

"ለአንድ ቀን እኮ ነው ራሂ" አለችኝ። ዓይኗን ከጥፍሯ አላነሳችም።

አዎ፣ ለአንድ ቀን ነው። የተናደድኩ አልመሰለኝም ነበር፤ ቀለሙ ሲሸተኝ ግን ወጥቼ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ይቺን ልጅ ተሸክሜ ነው ትምህርት ቤት ያደረስኳት። ያኔ እንደፈለግሁ እቆም ነበር፣ እሮጥ ነበር። ቅር ብሎኛል። ጽፌዋለሁ፣ አበቃ።

አርብ፣ ጥቅምት 21

75፣ 126።

አክስቴ ደውላ ምን እንድትሠራልኝ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ጨው ያለው ማንኛውም ነገር አልኳት። ሳቀች። ለምን እንደምመጣ ግን አልጠየቀችኝም፤ ተነግሯታል ማለት ነው።

ለእሑድ በቦርሳ የሚገባ፦ ውሃ፣ የጨው ዱቄት፣ ሐኪሙ ያዘዘልኝ ግማሽ ክኒን፣ ጣት ላይ የምትሰካዋ የልብ ምት መቁጠሪያ፣ ትርፍ ካልሲ።

ጾም ስለሆነ ሽሮ ነበር። እማዬ የኔን ጥግ ራሷ ጨው ነሰነሰችበት። አበዛችው፣ ምላሴን አቃጠለኝ። ዝም ብዬ በላሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

እኔንም አስተኝተው የሚያጥቡኝ እስኪመስል ድረስ ቤቱ ታጥቧል። መጋረጃ ወርዶ ተሰቅሏል። የኔ ድርሻ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ ብርጭቆ ማጥራት፣ ሽንኩርት መላጥ።

ጋሼ ታደሰ ከሰዓት መጥተው ሳሎኑን ለኩት ማለት ይቻላል። ሽማግሌዎቹ በሩ አጠገብ ይቆማሉ፤ እሳቸው ትይዩ ይቆማሉ፤ እማዬ በስተቀኝ። "ከየት ነው የመጣችሁት፣ ምን ፈልጋችሁ ነው?" ይሏቸዋል፣ ምንም እንዳላወቁ። ስንት ጊዜ እንደሚጠይቋቸው እንኳ አስበውበታል። ለነገሩ መልሱ ታውቋል፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ "ተመካክረን እንንገራችሁ፣ የሳምንት ሰው ይበለን" ተብለው ይሸኛሉ።

እኔን አዩና "አንቺስ የት ትቆሚያለሽ?" ሊሉ ሲሉ አስታወሱት መሰለኝ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ደህና ሰው ናቸው። ሥርዓት ይወዳሉ እንጂ።

ሜሮን ቀሚሷን ለብሳ አሳየችን። አማረባት። አማረብሽ አልኳት፣ እውነቴን ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23



አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ ነበር የተባለው። እኔ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ እንድወጣ። 81፣ 139፣ ቀርፋፋ ጠዋት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጬ ቦርሳዬን እየዘጋሁ የውጪው በር ተንኳኳ። ሦስቱም ሽማግሌዎች፣ ነጭ በነጭ። ለመልካም ነገር ማለዳ ይሻላል ብለው ነው አሉ። እኛው ጋ ያደሩት ጋሼ ታደሰ እንኳ የጫማቸውን ክር አላሰሩም ነበር።

የኋላው ክፍል ከሳሎኑ ማዶ ነው። ለመሄድ መነሳት አለብኝ፣ በፊታቸው ማለፍ አለብኝ። ገቡ። ሁሉም ቆመ። "ኖር፣ ኖር" ተባለ። "በእግዚአብሔር" አሉ።

እኔም ተነሳሁ። ማለቴ፣ እኔ ሳልሆን ጉልበቴ ነው የተነሳው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሽማግሌ ሲገባ ተነሺ የተባለ ጉልበት ነው፣ እኔን አይጠይቅም። ግማሽ መንገድ ላይ ጆሮዬ ጭው አለ፣ የመጋረጃው ቀለም ጠፋ። ያኔ ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈና ወደ ታች ተጫነኝ። የእማዬ እጅ ነው። ተቀመጥኩ።

 አምስት ሰው ቆሟል፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት ሶፋ ላይ ተንሰራፍታለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ ወደ ጎን ዞር አሉ። መሀል ያሉት ትልቁ፣ ከዘራ የያዙት፣ እኔን ሳይሆን እማዬን አዩዋት።

"ልጅቷን አመማት?"

ጋሼ ታደሰ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እማዬ ቀደመቻቸው። በእንዲህ ያለ ቀን እናት እንደማትናገር ከኔ የበለጠ ታውቃለች።

"ትልቋ ልጄ ናት፣ ራሄል" አለች። "ከቆመች ትወድቃለች። ሕመም ነው፣ ሐኪም ያውቀዋል። አትነሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ከቤት ልደብቃት ነበር፤ ቀድማችሁ መጣችሁብኝ።"

እጇን ከትከሻዬ አላነሳችም።  ሜሮን በጓዳው በር በኩል ቆማ አየኋት። እያለቀሰች ነበር፣ ያ ሁሉ ኩል።

ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ሄደው ሶፋው ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ጉዳያቸው ሳይነገር። ሌሎቹ ሁለቱ ተያዩ።

"እኛ ቆመን ልጅቷን የምናሳቅቅበት ምን ምክንያት አለ?" አሉ። "ተቀመጡ እንጂ።"

ጋሼ ታደሰ ያን ሁሉ የተለማመዱትን ይዘው መሀል ላይ ቆመው ቀሩ። ቆይተው እሳቸውም ተቀመጡ። ጥያቄያቸውን ቁጭ ብለው ጠየቁ፣ ሽማግሌዎቹም ቁጭ ብለው መለሱ። መጨረሻው እንደታሰበው ነው፤ የሳምንት ሰው ይበለን ተባባሉ። ቀጭኑ ሽማግሌ ሲወጡ በረንዳው ላይ ለሦስተኛው የሆነ ነገር በጆሯቸው ነገሯቸው። አልሰማሁም።

አክስቴ ጋ አልሄድኩም። ሜሮን ቀሚሷን ሳትቀይር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ካልሲዬን ጎትታ አወለቀችልኝ። ብዙ ጊዜ ፈጀባት፣ ጥፍሯ ተሰበረ። "ሐሙስ ዕለት ዓይንሽን ማየት ስላልቻልኩ ነው" አለችኝ። እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች። ቅያሜዬን ፈለግሁት፣ ብዙውን አጣሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

77፣ 130። ሥራ ገባሁ።

ከዳዊት ቤት እስካሁን ምንም አልተሰማም። ዳዊት ለሜሮን ደውሎላታል፤ ትልቁ ሽማግሌ አያቱ መሆናቸውን፣ ቀጭኑ ደግሞ ስለኔ ብዙ እየጠየቁ መሆኑን ነግሯታል። ዘር ላይ ነው ወይ ብለዋል። ሐኪሙን ጠይቄ መልሱን በወረቀት አጽፌ ልላክላቸው ወይ አልኩ። ሜሮን የለም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ አለች። እሷ ትንገራቸው።

ቢቀርስ? ቢቀር በኔ ነው የቀረው። ይህን ከራሴ መደበቅ አልችልም።

ማታ ስገባ ሳሎኑ ተቀያይሯል። የኔ መኝታ ቤት ውስጥ የነበረው ባለመደገፊያ ወንበር ወጥቶ በሩ ፊት ለፊት፣ ጋሼ ታደሰ ለእማዬ ያሉት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ትራስ አለው። ሥሩ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አለ።

ይህ የማን ነው አልኳት፣ እያወቅሁ።

"ያንቺ ነው" አለች። "ለእሑድ።"

ይምጡ አይምጡ እንደማናውቅ አስታወስኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቀና አላለችም።

"ባይመጡም ያንቺ ነው።"

ተቀመጥኩበት። መቁጠሪያዋን ጣቴ ላይ ሰካሁ፤ 84። ለተቀመጠ ሰው ትንሽ ከፍ ይላል።