ጮክ ብዬ ስጸልይ

ሰኞ፣ ኅዳር 3
ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ማታ የጸሎት መጽሐፌን ገለጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ድምፄን ካላወጣሁ ቃሉ አይገባኝም። እና እጮኻለሁ። ስጨርስ ልቤ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ነው። ከቀኑ ውስጥ ሰው የምሆነው ያኔ ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ዛሬም ቀለደ። እትዬ፣ እርስዎ እያሉ ሬዲዮ ምን ያደርግልኛል አለኝ። ይቀልድ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
ልጄ ግንባሯ አብጧል። የቁም ሳጥን በር ነው አለች። ከሾፌሩ ባሏ ጋር ከግድግዳዬ ወዲያ ነው የምትኖረው፤ መሃላችን አንድ ስስ የኮምፔርሳቶ እንጨት። ቢመታት አልሰማም ነበር?

ሰውዬው አይጥመኝም። ሳመሽ ግን በመስኮት ብቅ ብሎ፣ እማማ፣ ዛሬ ጸሎት የለም እንዴ ይለኛል። ምናልባት ክፉ አይደለም...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8
ሁለት ጥርሷ የለም። ልብስ ስታሰጣ አየኋት፣ አፏን በሻርፕ ሸፍና። ጎትቼ ቤት አስገባኋት፣ ሻርፑን ካፏ ዝቅ አደረግኩት። ጥርስ የሚያወልቀው የትኛው በር ነው አልኳት። ሻርፑን አንገቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሻርፑን ገፈፍኩት። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት።

"እማዬ፣ አንቺ መጸለይ ስትጀምሪ ነው የሚነሳው። በሩን ይቆልፋል። ድምፅሽ ይሸፍንለታል።"

"ለምን አልጮህሽም?"

"ጮኼያለሁ።"

ስንት ማታ ነው እኔ አሜን ስል እሱ ቀበቶውን መልሶ የታጠቀው?

እሁድ፣ ኅዳር 9
እኔ ጋ ነይ አልኳት። ካለሽበት መጥቶ ይገድለናል አለች። አልጸለይኩም። ግድግዳው ሌሊቱን ጸጥ አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10
ፖሊስ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው።

ማታ እንደ ወትሮዬ ጀመርኩ። አንድ መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሁለተኛውንም። ከዚያ አፌን ዘጋሁ።

ሰማሁ። ቀበቶ ነው፣ በብረቱ በኩል። ልጄ እንደ ቡችላ ታለቅሳለች።

ካውያው ገና ትኩስ ነበር። ከሶኬቱ ነቀልኩት። በሩን ቆልፎታል። ግድግዳውን ግን አልቆለፈውም። ኮምፔርሳቶውን በካውያው ደጋግሜ መታሁት፣ ተሰነጠቀ፣ በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። ቀበቶውን እንዳነሳ ዞረ።

"እማማ፣ ጸሎት ላይ አልነበሩም እንዴ?"

ካውያውን ጉንጩ ላይ አሳረፍኩት። ቆዳው ጨሰ። የሱን ጩኸት የሚሸፍንለት አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12
እሱን ከሐኪም ቤት እስር ቤት ወሰዱት። እኔን ልብስ ሰፊው ዋስ ሆኖ አስወጣኝ። ፖሊሱ፣ በዚህ ዕድሜዎ አይጸጸቱም ወይ አለኝ። አዎ፣ ዘግይቻለሁ አልኩት።

እሁድ፣ ኅዳር 23
ልጄ እኔ ጋ ናት። ትናንት ማታ መጽሐፉን ገልጬ ድምፄን ሳወጣ ከአልጋው ዘላ ጥግ ገባች፣ ክንዷን ፊቷ ላይ ጋርዳ። የሸሸችው የኔን ድምፅ ነው። የእናቷን። ጀርባዋን እያሻሸሁ አደርኩ።

ዛሬ ምላሴን ነክሼ ሞከርኩ። በዓይኔ ብቻ፣ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ። መጀመሪያ ቃሉ አልገባኝ አለ። ተናደድኩ፣ መጽሐፉን ልወረውረው ነበር። መልሼ ጀመርኩ። ከዚያ አንድ መስመር ገባኝ። ከዚያ ሌላ... ገጹ አለቀ።

ልቤ ረጋ። አሜንንም በከንፈሬ ብቻ አልኩት። ተኝታለች።