እማዬ የላከችው ሽማግሌ

ይድረስ ለእህቴ ለጀነት፤

አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ትንሹ አብዱልሰመድ ጥርስ አወጣ? ኩታበር ዝናቡ ገባ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ግን ሊገድለኝ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ድምፁን ከፍታ ጎረቤቱን ሁሉ ስለምታሰማ ነው። አብራኝ የምትሠራው ወሰንየለሽ አገር ስለምትገባ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ፤ ብቻሽን አንብቢው።

ጀኑዬ፣ አብሮኝ ይኖር የነበረውን ኑረዲንን በቪዲዮ አይታችሁታል። ጓደኛዬ ነው ያልኳችሁ ውሸት ነው። የምወደው ሰው እሱ ነው፤ እንደ ባልና ሚስት ነው የኖርነው። ልቤ ለሴት እንደማይደነግጥ አንቺ ድሮም ሳታውቂ አልቀረሽም።

ታዲያ እማዬ ባለፈው ወር ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ለኑረዲን ኮል አድርጋ፣ አንተ ታላቁ ነህና ሽማግሌ ሁነኝ፣ ኢምራን የጎረቤታችንን ልጅ ፍርዶስን እንዲያገባ እሺ አሰኝልኝ ብላ ለመነችው። እሱ ሞኙ ደግሞ እናት እምቢ አትባልም ብሎ ቃሉን ሰጣት!

ከሥራ ስገባ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ከእናትህ ተልኬ ነው የመጣሁት አለኝ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ እሱ አልሳቀም። የፍርዶስን ጨዋነት፣ የእማዬን እርጅና፣ የልጅ ልጅ ጉጉቷን ሲያስረዳኝ ድምፁ ተቆራረጠ፤ ሁለታችንም አለቀስን። አላገባም አልኩት። እሱም፣ እኔ እዚህ እያለሁማ መቼ ታገባለህ፣ ቃሌን ሰጥቼ እናትህን አላታልልም ብሎ ልብሱን ሸክፎ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር የአጎቱ ልጅ ቤት ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሰው አይደለሁም። ከምሠራበት መጋዘን፣ ከዌርሃውሱ ስወጣ ዓይኔ የሚሄደው መኪናውን አቁሞ ይጠብቀኝ ወደነበረበት ጥግ ነው። አሁን ሌላ ሰው ራይድ ሰጥቶ ቤት ያደርሰኛል። እናንተን ስናፍቅ እሱ ነበር የሚያጫውተኝ፤ እሱን ስናፍቅ ለማን ላውራ?

ተመለስ ብዬ ስለምነው፣ የላከችኝ እሷ ናት፣ እሷ ካላሰናበተችኝ አልመጣም ይላል። ግትር ነው! እባክሽ እማዬ ሽማግልናውን ታንሣለት። ለምን ካለችሽ እውነቱን ንገሪያት። እስከ ዛሬ እንዳትሰማ ስፈራ ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን ከቁጣዋ ይልቅ የሱ መቅረት አስፈራኝ።

ለባልሽ ለጋሽ አብዱረዛቅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አብዱልሰመድን ጉንጩን ሳሚልኝ። ፍርዶስን ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ንገሪያት፤ አላህ የተሻለ ይስጣት። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝና፣ የላክሽው ሽማግሌ እንደሱ ያለ ጨዋ አይገኝም፣ ለኢምራን መልሺለት በያት።

ወንድምሽ ኢምራን
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሰኔ 20 ቀን 2013 ዓ.ም.