ለደሴዋ ጠያቂ የተሰጠ መልስ

አራዳ ጊዮርጊስ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፳ ዓ.ም.

ይድረስ ለዘነቡ፤

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ በጓዳው በኩል ያፈስ የነበረውን ጣሪያ አምና ቆርቆሮ አስለብሼዋለሁ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ዛሬ ምን አስለፈለፈው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርሽ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከጥብቅናው ሌላ አንድ ሥራ ይዣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣ ጋዜጣ አለ፤ በእሱ ላይ ሰዎች ስለ ሕግ ለሚጠይቁት መልስ እጽፋለሁ። ዋስ የሆነ ሰው እስከ የት ድረስ ይጠየቃል፣ የጎረቤት በቅሎ አጥር ብታፈርስ ካሣው በማን ላይ ነው፣ ይህን የመሰለውን ሁሉ። ስሜን አልጽፍም፤ «የሕግ ወዳጅ» ብዬ ነው የምፈርመው። አራዳ ግን ምስጢር አያውቅም። በገበያው ውስጥ ሳልፍ ነጋዴዎቹ «የሕግ ወዳጅ መጣ፣ ሚዛናችሁን አስተካክሉ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ከደሴ አንድ ጥያቄ በፖስታ መጣ። የእጅ ጽሕፈቱ የደብተራ ነው፤ ጠያቂዋ ግን ሴት ነች፣ ስሟንም አልገለጸችም። እንዲህ ይላል፦ «ከባሌ ጋር በሰማንያ ተጋብተን ስድስት ዓመት ኖርን። የሰው ነገር ያሯሩጠው ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም። ራቱን እንኳ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ነበር የሚበላው። ትቼው ወደ እናቴ ቤት ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ እሱም አልፈለገኝም። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ባለ ባል ነኝ ልበል ወይስ ፈት?»

በማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚያችን አስገዶም ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ነበር። ጨረሰና ቀና ብሎ ባርኔጣዬን አየ። «ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ እርስዎን ታውቅዎታለች እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ ይገርመኛል፤ ደብዳቤውን ከእጁ ተቀብዬ ራሴ ደግሜ አነበብሁት። ጽሕፈቱ የደብተራ ቢሆንም ቃሉ ያንቺ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናዘዝ። የመጀመሪያውን መልስ የጻፍሁት ለራሴ ነው። «ሰማንያ ያለ ባል ፈቃድ አይፈርስም፤ እኅታችን፣ ወደ ቤትዎ ይመለሱ» አልሁ። ሐሰት መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ከራስ በላይ ነፋስ ብዬ ለአስገዶም ሰጠሁት፤ እሱም ፊደሉን ለቅሞ ደረደረው።

በማግሥቱ ከጊዮርጊስ ግንብ ሥር ማመልከቻ ስጽፍ ፈቲያ የምትባል የበርበሬ ነጋዴ መጣች። ባሏ ከሞተ በኋላ ወንድሙ ከገበያ ቦታዋ ሊያስነሣት ሲሟገታት ከርሟል። ስለ ባል ወራሾች የጻፍሁትን መልስ ከጋዜጣው አስቆርጣ፣ ዳኛው ፊት በሰው አስነብባ ረታች። ያን ቁራጭ ከመቀነቷ ፈትታ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለችኝ። «ብቻ ተጽፎ ለሕዝብ የወጣ ነገር አይዋሽም ብዬ ነው ወንድምዬውን ደፍሬ የተሟገትኩት። አላህ ይስጥዎ።»

ምርቃቷን አላስጨረስኋትም። ማመልከቻውን ጥዬ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጥሁ። አስገዶም የተደረደረውን ፊደል ወደ ማተሚያው ሊወስድ ሲል ደረስሁ።

«አፍርሰው» አልሁት።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«እርስዎ መጻፉ ቀላል ነው፤ እኔ እኮ እያንዳንዷን በጣቴ ነው የምለቅማት» ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ነው። ግን አፈረሰልኝ።

ቅዳሜ የወጣው መልስ ይህ ነው፦ «እኅታችን፣ ሰማንያ እግር ብረት አይደለም። ሽማግሌ ይዘው ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ፍቺው ይሰጥዎታል፤ አብራችሁ ካፈራችሁትም እኩሌታው የእርስዎ ነው። እስከዚያ ድረስ ባለ ባል ነዎት። ከዚያ ወዲያ ግን ‹የት ገባሽ፣ የት ወጣሽ› ሊልዎት የሚችል የለም።»

ይህ የጋዜጣው መልስ ነው። ለሙግት ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ እንዳትደክሚ ደግሞ፣ ለመለያየቱ መፍቀዴን በሁለት ምስክር ፊት ፈርሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። የቤቱም እኩሌታ ተጽፎበታል።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ አንቺ ከሥሩ አልተናገርሽም። ልጃችንን ሙሉነሽን ትክትክ ይዟት ትንፋሽ ሲያጥራት፣ «ዛሬን እንኳ ቅርልኝ» ብለሽኝ ነበር። «ቀጠሮ ነው፤ ከቀረሁ ሰውዬው ይፈረድበታል» ብዬ ወጣሁ። ሰውዬውን ነፃ አውጥቼ፣ ደስ ብሎኝ ስመለስ ገንዛችኋት ደረስሁ። ይህን ጽፈሽው ቢሆን፣ በማንኛውም ዳኛ ፊት እኔ አፌን የምከፍትበት ነገር አልነበረኝም። አንቺ የጻፍሽው ስለ ባርኔጣዬ ነው። «ክፉ አልነበረም» አልሽ።

የሕግ ወዳጅ እኔ መሆኔን አውቀሽ ጠይቀሽ እንደሆነ አላውቅም። አውቀሽ ከሆነ ራርተሽልኛል። ሳታውቂ ከሆነም፣ ለማታውቂው ሰው እንኳ ገመናዬን አላወጣሽም። ሁለቱንም እያሰብሁ አለቅሳለሁ። ከቀብሯ በሦስተኛው ቀን ችሎት ቆሜ ነበር፤ አንቺን ግን አንድ ቀን ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም። በድዬሻለሁ፣ ዘነቡ። ይቅር በዪኝ። ይህን የምለው ወረቀቱን እንድትተዪው ብዬ አይደለም፤ ወረቀቱ ያንቺ ነው። ብቻ ለማወቁ ያህል፣ ሣጥንሽ ውስጥ ብታቆዪውም ቀን አያልፍበትም።

ለእናትሽ ዕድሜ ይስጥልሽ። አንቺንም የጦሳ ተራራ ብርድ አይንካሽ፤ የምትወጂው ሁሉ ይቅናሽ።

በምን እንደምፈርም ቸግሮኝ ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። «ባልሽ» እንዳልል፣ እሱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። «የሕግ ወዳጅ»ም ለጋዜጣ ነው። ሽማግሌም ዳኛም የማያፈርሱት አንድ ስም ይቀረኛል፤ በእሱ ፈርሜያለሁ።

የሙሉነሽ አባት
ኪዳነማርያም