ታጥቦ የተመለሰው መስታወት

አምባ ጊዮርጊስ፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለይመኙሽ፤ ማክሰኝት

እንደምን ከርመሻል? አባትሽ አያ አላምረውስ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ እንዳልልሽ ግራ ገብቶኛል። ግራ የገባው ሰው ደኅና ይባል እንደሆን አንቺው ፍረጂ።

ከጎንደር የመጣው የጤና መኮንን፣ አቶ ሐብተ ማርያም፣ ሳልሽን ሰምቶ ከጎታችን አጠገብ ቅባት የተቀባ ጠባብ መስታወት መስቀሉን ታስታውሻለሽ። «በአየሩ የሚበር ነገር ካለ ይጣበቅበታል። ነገ አምጣልኝና በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ወሰድኩለት። አጎንብሶ አየና «ምንም የለም፤ ቤትህ ንጹሕ ነው» አለኝ። እናቴም «ቤቱ ንጹሕ ከሆነማ፣ አልስማማ ያላት የራሷ ዛር ነው» አለች። እኔ ዝም አልኩ። አንቺም ዝምታዬን አይተሽ ልብስሽን ጠቅልለሽ ሄድሽ።

አሁን ስሚኝማ። ባለፈው ሳምንት ሰውዬው ፈንጣጣ ሊከትብ ተመልሶ መጣ። ማክሰኝት ከገባሽ ወዲህ ሳሉ እንደተወሽ ብነግረው ገረመውና ሌላ መስታወት ሰጠኝ። እኔም «ቅቤውን አሁን ልቀባው ወይስ ስመልስልህ?» አልኩት።

«የምን ቅቤ?»

«እንደ ፊተኛው ነዋ! በአመድ አሽቼ አጥቤ፣ ለጋ ቅቤ ቀብቼ አልመለስኩልህም?»

ታዲያ ይመኙሽ፣ የሰው ዕቃ አድፎ ይመለሳል? በቅባት የሰጠኝን ያለ ቅባት ልመልስለት? ሰውዬው ይሳቅ ይቆጣ ቸግሮት ራሱን ይዞ ቀረ።

ሁለተኛውን መስታወት ከጎታው አጠገብ አሳድሬ፣ እጄን ሳላሳርፍበት ወሰድኩለት። እኔንም አሳየኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ብመለከት፣ ጥቁር ጥቁር ፍሬ መስታወቱን ሞልቶታል! «ሻጋታ ነው። ገብሱን በዛቀች ቁጥር እየበነነ ሳንባዋ ይገባል» አለኝ። ጎታውን ብገለብጠው፣ እውነትም በየክረምቱ ጣሪያው እያፈሰሰበት ከሥሩ ሻግቷል።

እኔ እንጃ! አየር ባዶ አልነበረም እንዴ? ያ ሁሉ ፍሬ ሲበር ምነው በዓይኔ አላየሁት? ለአባ ተክለ ጊዮርጊስ ብነግራቸው «እግዚአብሔር የማይታየውንም ፈጥሯል» ብለው ወደ ቅዳሴያቸው ሄዱ። እናቴ ደግሞ መስታወቱ ላይ የሰፈረውም ዛሩ ነው ትላለች። የቱን እንደምይዝ ጠፋኝ።

ገብሱን ደፋሁት፣ ጎታውን አፈረስኩት፣ ጣሪያውንም እንደ አዲስ ከደንኩት። ለኪዳነ ምሕረት ሽማግሎቹ ፍቺያችንን ሊጨርሱ ይቀመጣሉ። እኔም መስታወቱን ያጠብኩት እኔ እንደሆንኩ እናቴ እየሰማች እናገራለሁ። ከዚያ ወዲያ መምጣቱም መቅረቱም የአንቺ ነው።

ከሁሉ ግራ ያጋባኝን ልንገርሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ጎታው ሲከፈት ያንቀኛል» ትይኝ ነበር። አጠገቤ ተኝተሽ ስትነግሪኝ ሳላምንሽ፣ ጣት የማታህል መስታወት አመንኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እመብርሃን ትንፋሽሽን ትጠብቅልኝ።

ባልሽ ዋኘው፣
እስከ ኪዳነ ምሕረት ድረስ እንኳ።