ድልድይሽን አጠቡብኝ

ይድረስ ለየሻረግ፣ ከአፈር በታች ላረፍሽው፣ ከልቤ ግን ላልወረድሽው ባለቤቴ፤

ጤናሽን አልጠይቅም፤ አንቺ ባለሽበት ሕመም የለምና። የኔን ከጠየቅሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ከተለየሽኝ ዓመት ሞልቶ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ጉና ከሰኔ ወዲህ ፊቱን አላሳየንም፤ ብርዱ ከጉሙ ጋር እየወረደ በየስንጥቁ ይገባል። በደጃፋችን ባለው መንገድ ላይ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ያነጠፉት ሰዎች ግን የውሃ መውረጃውን ስለ ዘነጉት ጎርፉ በአጥራችን ሥር ገብቶ በጓሮ ይወጣል። ጌሾሽ አምሯል። ቀይዋን ዶሮሽን ሸለምጥማጥ በላት።

ይህን ሁሉ የምደረድረው ዋናውን ነገር መናገር አፌን ስለሚጎመዝዘኝ ነው። ድልድይሽን አጠቡት፣ የሻረግ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትገው አጠቡት፤ ሲደርቅም ብርማ ቀለም ነፉበት። በዚህም ምክንያት ከአንዲት ልጃችን ከደብሪቱ ጋር ተቆራርጠን ከረምን። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ በመካከላችን ገብተሽ አንዳችንን ትገሥጪ ነበር፤ ማንኛችንን እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ይህ ደብዳቤ በሌላ ሰው እጅ ይገባ ይሆናልና፣ ሰውዬው ለመጫወቻ ድልድይ ይህን ያህል ይቆጣል ወይ እንዳይባል፣ አንቺ የምታውቂውን ነገር ከሥሩ ልናገር።

ድሬዳዋ በባቡር ጥገና ቤት ብረት ስቀጠቅጥ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ፣ ባቡር ረግጦት በማያውቅ ደጋ ላይ ባቡር ይዤ እንደምገባ የጠረጠርሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። የኋላ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በባሕር ዛፍ ጣውላ ገበታ ሞላሁት። ሐዲዱን ከሽቦ አወጣሁ፤ የአሮጌ ቴፕ ሞተር ከሆዱ ከትቼ ክንድ የማይሞላ ባቡር አስኬድሁ። ከጉና አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ እየቆረጥን አምጥተን ዛፍ አደረግነው፤ ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ጥድ ነው የሚመስል። ድልድዩ በጉማራ ወንዝ ላይ ይሁን ብለሽ የፈረድሽው ግን አንቺ ነሽ።

ለጉልበትሽ ቁርጥማት ወንዛዬ ፍል ውሃ በወረድን ቁጥር፣ አንቺ ስትታጠቢ እኔ ከወንዙ ዳር ለድልድዩ እግር የሚሆን ጠጠር እለቅም ነበር። አንድ ቀን በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ የወረደ ገበሬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «አያ ሽማግሌ፣ ምን ጠፋብዎ፣ ጥርስዎ ነው?» አለኝ። እኔ መልስ ሳዘጋጅ አንቺ ከወዲያ ሆነሽ፣ «ባቡር ጠፍቶባቸው ነው» አልሽው። እሱም ፊቱን ሳያጠቁር፣ «እንግዲያስ ጎርፍ ወስዶት ይሆናል፤ ጣና ወርደው ይፈልጉት» ብሎ በሬዎቹን ነዳ። ሐሙሲት እስክንደርስ ድረስ መኪና ውስጥ ስትስቂ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ያየን ነበር።

ብረቱ የኔ፣ ዕድሜው ያንቺ ነበር። እኔ የዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጬ፣ የብሎኖቹን ራስ ከጀርባ በምስማር ጫፍ እየወጋሁ አበቅልሁ፤ ማዕዘኑን በማዕዘን፣ አግዳሚውን በአግዳሚ በይጄ አቆምሁት። ጨርሼ ሳሳይሽ የምታመሰግኚኝ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን አገላብጠሽ አየሽና፣ «አንቱ ይውለዱት፤ ማስረጀቱን ለኔ ይተዉት» አልሽኝ። ምስማር በአቼቶ ዘፍዝፈሽ የዝገት ውሃ አወጣሽ፤ በዶሮ ላባ ጫፍ እየነከርሽ፣ ዝናብ ከየት በኩል ይመታዋል፣ ውሃው በየትኛው ብረት ተንጠባጥቦ ይወርዳል እያልሽ፣ አንዳንዱን መስመር ሦስት ቀን ታስቢበት ነበር። ከኩራዝ ላይ ጥቀርሻ ሰብስበሽ የባቡሩ ጭስ የሚያርፍበትን ብቻ አጠቆርሽ። ወንዙን ከሰምና ከቀይ አፈር አቅልጠሽ አፈሰስሽው፤ የሐምሌ ጉማራ ሆነ፤ ደፍርሶ፣ ከብዶ፣ የድልድዩን እግር እየገፋ።

እኔ በየኔታ አለንጋ ሥር ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ። አንዲት ቃል ዜማዋን ስትስት የተገረፍሁበት ጀርባ እስከ ዛሬ ያልተስተካከለ ሥራ ሲያይ ይኮማተራል። ካንቺ ሥራ ግን እንከን ፈልጌ አጥቻለሁ። ይህን በሕይወት ሳለሽም ነግሬሻለሁ፤ አሁንም እደግመዋለሁ።

በሙት ዓመትሽ ዋዜማ ከካህናቱ ጋር ስለ ፍትሐቱ ልነጋገር ቤተ ክርስቲያን ዋልሁ። ሙት ዓመት ሲደርስ ቤት ማጽዳት ለሟች ክብር ነው፤ ግድግዳ ይለቀለቃል፣ ምንጣፍ ይራገፋል፣ ዕቃ ከየጓዳው ወጥቶ ይታጠባል። ይህን ማንም አይነቅፍም። ደብሪቱ ከባሕር ዳር መጥታ መቀነቷን አጥብቃ ስትሠራ ውላ፣ ለሚበዛው እንግዳ መቀመጫ ይሆናል ብላ የኋላውን ክፍል ከፈተችው። እሷ በበዓል በበዓል ስትመጣ ከእንግዳ ልጆች እጅ ለማዳን ክፍሉን እቆልፈው ስለ ነበር፣ ድልድዩን ካስረጀሽው ወዲህ ገብታ አላየችውም። አሁን ገባች፤ ዝገት አየች፣ ጥቀርሻ አየች። እናቴ ከታመመች ጀምሮ የሚያጸዳው አጥቶ ነው ብላ አዘነች፤ አለቀሰችም ይላሉ። ከዚያ ሙቅ ውሃ በሳሙና በጥብጣ፣ የብረት መፈተጊያ ይዛ ተቀመጠች።

ሙቁ ውሃ ወንዙ ላይ ወረደ። ሰምሽ ሟሟ፤ ሲቀዘቅዝ ነጣ፤ ጉማራ በድስት ጠርዝ ላይ የረጋ ሞራ መሰለ። ይህን ሲያዩ፣ የወንድምሽ ልጅ አስማማው ‘ለአክስቴ ውለታ’ ብሎ ሊያሳምረው ተነሣ። ከጋራዥ ባመጣው የመኪና ቀለም በሚነፋ ቆርቆሮ ድልድዩን ብር አደረገው፤ ሞራውን በበር ቀለም ሰማያዊ ቀባው። ከዳርና ከዳር የላስቲክ ጽጌረዳ ተከለ፤ በድልድዩ ራስ ላይ ያንቺን ፎቶግራፍ በወርቃማ ክፈፍ አቁሞ፣ ብልጭ ድርግም የሚል የቀለም መብራት አንገቱ ላይ ጠመጠመበት።

ስመለስ በሩ ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር። ገብቼ አየሁ። የሻረግ፣ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ በሐዲድ ላይ የተጨፈለቀ ከብት አንሥቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ዓይኔን መልሼ አላውቅም። ያ መብራት አንድ ጊዜ ቀይ፣ አንድ ጊዜ አረንጓዴ ፊትሽ ላይ ሲበራ፣ የሰከረ ሰው ፊቴ ላይ የተነፈሰብኝ መሰለኝ። ነገ የአንቺ ቀን ነው ብዬ በሩን ገጥሜ ወጣሁ።

በማግሥቱ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ አስማማው እየመራ ያስገባው ነበር። «አሁን ገና ድልድይ መሰለ» አለ አንዱ። «ቀድሞማ የከሰል ምድጃ ነበር» አለ ሌላው፣ ቀድሞ ሳያየው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነቡ ጽጌረዳውን ነካ አድርገው፣ «ይኸ ውሃ የማይጠይቅ አበባ እንዴት ያለ በረከት ነው» አሉ። የአስማማው ባልንጀራ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ ባቡሩ ደብረ ታቦር መቼ ይገባል?» አለኝ፤ ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «አንተ ብቻ ቲኬት ከሳቸው ቁረጥ፤ የልጅ ልጅህ ይሳፈርበታል» አለ። ሳቁ። እኔ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ለመምጣታቸው አመሰገንኋቸው። እንዲህ ነው የተማርሁት፤ ለለቅሶ የመጣ ሰው ምንም ቢል ይመሰገናል። 

እንግዳው ሄዶ ሲያልቅ ደብሪቱ አጠገቤ መጥታ፣ «አባዬ፣ ወደዱት?» አለችኝ።

«እናትሽን ዓምና ቀበርናት» አልኋት፤ «እጇን ግን ትናንት አንቺ ቀበርሽው።»

ምን ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ጥቂት ቃል ብቻ በቃኝ። ፊቷ ዐመድ ሆነ። «ቆሻሻ መስሎኝ እኮ ነው» አለች። «ቆሻሻውማ ያውልሽ» ብዬ ጽጌረዳዎቹን አሳየኋት። ጠዋት ሳትሰናበተኝ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። በስልክ ስትደውል አላነሣሁም። ስትተው ደግሞ መተዋ አስቆጣኝ።

መብራቱንና አበባውን በዚያው ሳምንት ነቅዬ ከአጥር ውጭ ጣልሁ። አበባው ግን አይበሰብስም፤ እስከ ዛሬ ጎርፉ በቦረቦረው ቦይ ውስጥ ከነቀለሙ ይስቅብኛል። ብሩን ቀለም አኳራጅ በሚባለው ማስለቀቂያ እየፈተግሁ ከብረቱ ፊት አነሣሁት። ከዚያ ምስማር በአቼቶ ዘፈዘፍሁ፤ ላባ ይዤ ተቀመጥሁ። የሆነውን ልንገርሽ፦ በርበሬ የተለቀለቀ ብረት ድስት ሆነ። እጄ ብረት ማጉበጥ እንጂ ማስረጀት አያውቅም። አጠብሁት፤ ደግሜ ቀባሁት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከፋ። የኔታ ቢያዩት አለንጋቸውን እንኳ ባላባከኑብኝ ነበር። የገዛ ሥራዬን እንዲህ ተጸይፌ አላውቅም። ያንቺን የውሸት አምሳያ ቤቴ ውስጥ ከማኖር፣ አሮጌ ብረት ለሚገዛው ሰው ልስጠውና ልገላገለው ብዬ ቈረጥሁ።

እስከዚያ ቀን ድልድዩ ከእግሮቹ ላይ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። እነሱም ያጠቡትና የቀቡት በቆመበት ነው፤ እኔም የፋቅሁት በቆመበት ነው። ብሎኑን ፈትቼ አነሣሁትና፣ ከሥሩ የቀረ የጠጠር ፍርፋሪ እንዳለ ላራግፍ ጉልበቴ ላይ ገለበጥሁት።

ሆዱን አልነኩትም። እንግዳ የሚያየውን ያጠበ እጅ ወደዚያ አልዘለቀም፤ የአስማማው ቀለምም አልደረሰበትም። ያንቺ ዝገት እንዳለ ነው፤ ጠብታው ከየብረቱ ጠርዝ ተንጠልጥሎ ሊወርድ ያመነታል። በሁለቱ ብረቶች መጋጠሚያ ላይ ደግሞ፣ ከጭቃና ከጭድ ብናኝ የተለሰነች፣ የትንሿ ጣቴን ጥፍር የማታክል የወፍ ጎጆ አየሁ። ከአፏ የቢጫ ክር ጫፎች ብቅ ብለዋል። ጫጩቶች ናቸው። እናታቸውን ያዩ ይመስል አፋቸውን ከፍተዋል።

እግሮቹ ላይ ሳልጭነው በፊት ብዙ ሳምንት አንቺ ዘንድ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ጎጆዋን ግን አልነገርሽኝም። ለማን ብለሽ ሠራሻት? የሻረግ፣ ማንም አጎንብሶ በማያየው ቦታ፣ ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ? ብዙ ጊዜ ጠይቄሻለሁ፤ አሁንም እጠይቅሻለሁ። አሮጌ ብረት የሚገዛው ሰውዬ በዚያው ቀን በራችንን መትቶ አለፈ፤ አልከፈትሁለትም።

ከዚያ ለደብሪቱ ደወልሁ። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ የተናገርሁት እውነት ነበርና። «ነይ» አልኋት፤ «ዓይንሽን ይዘሽ ነይ፤ ሳሙናሽን ግን እዚያው ተይው።»  «መፈተጊያውንስ?» አለችኝ። ልጅሽ ናት።

እሑድ መጣች። ድልድዩን ገልብጬ ጭኗ ላይ አኖርሁላት። በመስኮቱ አጠገብ፣ ጉም ባለበት ብርሃን፣ ምሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቀና አላለችም። ጎጆዋን ስታገኝ ድልድዩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና አንድ ላባ ጠየቀችኝ። ከሆዱ ያለውን ያንቺን መስመር እያየች፣ ከጎኑ ባለው ባዶ ብረት ላይ አንድ የራሷን መስመር አወረደች።

እውነቱን እጽፍልሻለሁ። መስመሩ ክፉ ነው። ከላይ ወፍራም፣ ከታች ቀጭን ሆኖ፣ መቅላቱም በዝቷል፤ እንደዚያ የሚወርድ ዝናብ በደብረ ታቦር ቀርቶ በቆላም አይቼ አላውቅም። ነገርኋትም። «እማዬ ብትሆን ከዚህ የባሰ ትለኝ ነበር» ብላ ሳቀች፤ ደግሞ እሑድ እመጣለሁ ብላ ሄደች። ልታድሰው የምትፈልገው ወንዝ አለ፤ ከማን ሰም እንደምትገዛ እየጠየቀችኝ ነበር የወጣችው።

እኔ ዓይኔ እስኪፈዝ ድረስ ያንቺን እጅ ከሥር አያለሁ፤ የሚመጣውንም ሰው ሁሉ፣ ክብሩ ምንም ቢሆን፣ አጎንብሶ ካላየ ድልድዩን አላሳየውም። ቃሌ ነው፤ ቃሌን ታውቂዋለሽ።

ደብሪቱ ከሄደች በኋላ የራሷን መስመር ደግሜ አየሁት። ቀፈፈኝ። አኳራጅ ያለበትን ጨርቅ አንሥቼ ያዝሁ፤ ለረጅም ጊዜ ይዤው ቆየሁ። ከዚያ ጨርቁን መልሼ አኖርሁና መስኮቱን ዘጋሁ፤ መስመሯ እስኪደርቅ ድረስ እርጥበት እንዳያገኘው።

ባለቤትሽ፣ ደብረ ታቦር